የከሓዲው አቤቱታ

አንድ ሰው ተበደለ እንበል። በደሉን ለሚመለከታቸው ሁሉ አስታወቀ፤ የሰማው አልነበረም። ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም መልስ አጣ። በመጨረሻ የቁጣው እሳት ማስተዋሉን በላውና ከቤቱ ጠላት ጋር ወግኖ የገዛ ወንድሞቹን ወጋ። ክህደቱ ታወቀ፤ የእጁንም አገኘ። እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር አያከራክርም፤ ከሓዲ ከሓዲ ነው። የሚያከራክረው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሰውየው ከመክዳቱ አስቀድሞ ያሰማው አቤቱታ ምን ይሁን? ከእርሱ ጋር አብሮ ይቀበር? ወይስ አቤት ባዩ ሲቀጣ አቤቱታው ሳይፋቅ በመዝገቡ ላይ ይቆይ?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ያገኘሁት ባላሰብሁት ስፍራ፣ ለአሥራ ሁለትና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች በተጻፈ ልቦለድ ውስጥ ነው። ለልጆች የተጻፈ ነገር ሲነሣ ፊታቸውን የሚያዞሩ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ከእነርሱም አንዱ ነበርሁ። መምህራን ግን ይህን አያደርጉም፤ ተማሪው ማታ በብርድ ልብሱ ውስጥ የሚያነበው ነገር ጧት በክፍል ከሚነገረው ይልቅ በልቡ እንደሚቀር ያውቃሉና።

የመጽሐፉ ደራሲ ሪክ ራየርደን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን ለብዙ ዓመታት በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። ልጁ ፊደላት እየተምታቱበት ማንበብ የሚቸግረው፣ ተረጋግቶ መቀመጥም የሚሳነው ነበረና አባት ማታ ማታ የጥንት ግሪኮችን አፈ ታሪክ ይተርክለት ጀመር። የሚተርከው ባለቀበት ጊዜ ልጁ አዲስ እንዲፈጥርለት ጠየቀው። «የመብረቁ ሌባ» የተባለው መጽሐፍ ከዚያ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ፤ በየዓመቱ አንዳንድ እየተከተለው እ.ኤ.አ. በ2009 «የመጨረሻው ኦሊምፒያዊ» በተባለው አምስተኛ መጽሐፍ ታሪኩ ተፈጸመ። ኋላም ፊልም፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮም ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ፐርሲ ጃክሰንም እንደ ደራሲው ልጅ ፊደል የሚምታታበት ነው፤ ምክንያቱም፣ ይላል ደራሲው፣ አእምሮው ለጥንታዊ ግሪክኛ የተሠራ ስለ ሆነ ነው። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲባረር የኖረ ልጅ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

ልቦለዱ የሚቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ የግሪኮች አማልክት አልሞቱም። ኦሊምፖስም ዛሬ የሚገኘው ከኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በላይ ነው። እውነተኛው ሕንፃ 102 ፎቆች ሲኖሩት የልቦለዱ አሳንሰር ግን እስከ 600ኛው ፎቅ ይወጣል። (የአማልክት መንበር ኃይልና ሥልጣኔ ወደ ሄዱበት አገር እየተከተለ ይዛወራል የሚለውን የደራሲውን አሳብ አልቀበለውም፤ ከቀልድ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።) አማልክቱ እንደ ጥንቱ ዛሬም ከሰው ልጆች ይወልዳሉ፤ ወልደውም ይሄዳሉ። ግማሽ ሰው ግማሽ አምላክ የሆኑትን ልጆች ጭራቆች ያሳድዷቸዋል። የሚጠለሉበት አንድ ካምፕ በሎንግ አይላንድ ጫካ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ካምፕ ጥቂት ልናገር፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና። በካምፑ ዐሥራ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ለዐሥራ ሁለት ታላላቅ አማልክት የተሠሩ። አምላኩ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ በምልክት ካሳወቀ ልጁ በወላጁ ቤት አልጋ ያገኛል። ያልታወቀለት ልጅ ግን የመንገደኞች አምላክ በሆነው በሄርሜስ ቤት ያድራል፤ ሄርሜስ መንገደኛ አይመልስምና። የበታች አማልክት ልጆችም ቢሆኑ ለወላጆቻቸው ቤት ስላልተሠራላቸው የሚያድሩት እዚያው ነው። ያ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ነው። ልጆቹ በመሬት ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፤ አንዳንዱ የወላጁን ስም ሳይሰማ ዓመታት ያልፉታል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው የዜውስና የሄራ ቤቶች ነጭ እብነ በረድ ለብሰው ባዶአቸውን ቆመዋል። ለክብር የተሠሩ ናቸውና ማንም ገብቶ አይተኛባቸውም። ለመድረክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ትዕይንት ቢያገኝ መጋረጃው እንደ ተከፈተ፣ ተዋናዩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ግማሹን ተውኔት ጨረሰ ማለት ነው።

የዚያ የሞላ ቤት አለቃ ሉክ ይባላል፤ የሄርሜስ የራሱ ልጅ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። አዲስ መጪውን የሚቀበለው፣ መኝታ የሚያበጅለት፣ ሰይፍ የሚያስተምረው እርሱ ነው። የእነዚያን ልጆች ሌሊት ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የራሱም ታሪክ ከእነርሱ አይሻልም። እናቱ የትንቢትን መንፈስ በላይዋ ለማሳደር ሞክራ አእምሮዋ የታወከ ሴት ነች፤ እርሱ በዘጠኝ ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ሲሄድ እርሷ ግን «ዛሬ ይመጣል» እያለች ምሳውን ትሠራለች፤ የሻገተ ሳንድዊች በቤቱ ውስጥ ተከምሯል። አባቱ የልጁን ፍጻሜ አስቀድሞ ያውቃል፤ ዕጣን መለወጥ አይቻልም ብሎም ርቆ ቆሟል። ጀብዱ ፈጽም ብሎ በላከው ጊዜም የሰጠው ተግባር ሄራክሌስ ከብዙ ዘመን በፊት የፈጸመውን፣ ከሄስፔሪዶች አትክልት ስፍራ የወርቅ ፖም ማምጣትን ነበር። ልጁ ባዶ እጁን፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ተመለሰ።

ሉክ በአምስቱ መጻሕፍት ውስጥ የሚለው ሁሉ በእኔ አነጋገር ሲጠቀለል ይህ ነው፤ ወለዳችሁን፣ ለጠባችሁ ትፈልጉናላችሁ፣ ስማችንን ግን አትጠሩም። ከዚህ አባባል ውስጥ ሐሰቱ የቱ ላይ ነው? ፈልጌ አላገኘሁም። እንዲያውም ደራሲው ክሱን ያጠናክርለታል። ሦስቱ ታላላቅ ወንድማማቾች ዜውስ፣ ፖሰይዶንና ሐዴስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእንግዲህ ከሰው ላይወልዱ በስቲክስ ወንዝ ማሉ። ዜውስና ፖሰይዶን መሐላቸውን አፈረሱ፤ ስለ መሐላው መፍረስ የተሳደዱት ግን ልጆቻቸው ናቸው። በእኛ ዘንድ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። ጨካኝ ምሳሌ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስፈራኝ ኖሯል። ግን ቢያንስ አንዱን ያተርፋል። ኦሊምፖሳውያን የተናገሩትንም የወለዱትንም አጠፉ።

እንግዲህ ወደ ክህደቱ እንምጣ። ሉክ አማልክቱን ለመጣል ጥንት በእነርሱ ተሸንፎ በታርታሮስ ጥልቅ የተጣለውን ክሮኖስን ያስነሣል፤ በኋላም የገዛ ሥጋውን ማደሪያ አድርጎ ይሰጠዋል። ክሮኖስ ማን ነው? ሄስዮድ በ«ቴዎጎኒያ» እንደሚተርከው ሥልጣኑን ከልጆቹ አንዱ እንደሚወስድበት ስለ ተነገረው እያንዳንዱን እንደ ተወለደ የሚውጥ አባት ነው። ስድስተኛውን ልጅ ዜውስን እናቱ ሬያ በክሬታ ደብቃ በምትኩ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ሰጠችው፤ ድንጋዩንም ዋጠው። አስተውሉ፤ ሉክ ልጆቻቸውን የረሱ አባቶችን ለመበቀል የጠራው ልጆቹን የበላውን አባት ነው።

ይህ ደራሲው ለጨዋታ ያገጣጠመው አይመስለኝም። የሄስዮድን ትረካ ከመጀመሪያው ብንከተል ይህንኑ እናገኛለን። ኡራኖስ ልጆቹን ወደ ብርሃን እንዳይወጡ በእናታቸው በምድር ሆድ ውስጥ አፈናቸው። ከታፈኑት አንዱ ክሮኖስ ማጭድ ይዞ አባቱን ጣለ፤ በዚያች ዕለት ክሮኖስ ተበዳይ ነበር፤ እውነት ከእርሱ ጋር ነበረች። ማግሥቱን መዋጥ ጀመረ። ዜውስ ተነሥቶ ክሮኖስን ጣለ፤ እርሱም ተበዳይ ነበር። እርሱም ከእርሷ የሚወለደው እንዳይጥለው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሜቲስን ዋጠ። የተበደለው ልጅ በዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ የበዳይ አባቱን አፍ ይወርሳል። በደልን መጣልና በዳይን መጣል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ግሪኮች ሦስት ትውልድ በዋጠ ተረት ነገሩን።

ፕላቶ ይህን ተረት አልወደደውም። በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ የኡራኖስና የክሮኖስ ታሪክ እውነት እንኳ ቢሆን ለወጣቶች በቀላሉ ሊነገር እንደማይገባ ይከራከራል፤ ወጣቱ የበደለውን አባቱን ያለ ልክ ሲቀጣ «ከአማልክት ፊተኞቹና ታላላቆቹ ያደረጉትን አደረግሁ» ይላልና። ፕላቶ ሉክን ያየው ይመስላል። የፕላቶን ሥጋት አልንቅም፤ መድኃኒቱን ግን አልስማማበትም። ሉክ የጠፋው የክሮኖስን ተረት ስለ ሰማ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ስላልሰማው ነው። ተረቱን ጀምረን በማጭዱ ላይ ብናቆም ፕላቶ ትክክል ነው። መዋጡ ድረስ ከነገርነው ግን ለወጣት ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል?

የሉክ ሠራዊት የሚሰፍርባት አንዲት ትልቅ መርከብ አለች። ስሟ «ልዕልት አንድሮሜዳ» ነው፤ በፊቷ ላይ በሰንሰለት የታሰረች፣ የምትርበደበድ ሴት ምስል ተቀርጿል። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ቀና ይላል። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዩስ ልጅ ናት። እርግጥ ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው አገር ወሰን ከዛሬው ካርታ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ዝምድናውን አጋንነን እንዳንኩራራ። ታሪኳ ግን ለነገራችን ይጠቅማል። እናቷ ካሲዮፔያ ከባሕር ልጃገረዶች በውበት እበልጣለሁ ብላ ተመጻደቀች፤ ፖሰይዶን ተቆጥቶ የባሕር አውሬ ላከ፤ ዕዳውን እንድትከፍል ከቋጥኝ ጋር የታሰረችው ልጅቱ ነች። ያዳናት ፔርሴዩስ ነው፤ የልቦለዱ ፐርሲም ስሙን የወረሰው ከእርሱ ነው። በወላጅ ኃጢአት የታሰረች ልጅ በወላጆቻቸው የተረሱ ልጆችን ጭና ለጦርነት ትጓዛለች። ደራሲው ይህን ሳያብራራ አለፈው፤ ደግ አደረገ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የአቤቱታን ዕድል በአቤት ባዩ መልክ የመወሰን ልማድ በግሪኮቹ ዘንድ የቆየ ነው። በ«ኢልያድ» ሁለተኛ መጽሐፍ ተርሲቴስ የሚባል ወታደር በጉባኤ ተነሥቶ አጋሜምኖንን ይከስሳል፤ ድንኳንህ በናስና በምርኮኛ ሴቶች ሞልቷል፣ እኛ እንሞታለን አንተ ትሰበስባለህ ይለዋል። ይህ አኪሌስ በመጀመሪያው መጽሐፍ ከተናገረው ብዙም አይርቅም። ነገር ግን አኪሌስ ውብና የአምላክ ልጅ ሲሆን ተርሲቴስን ሆሜር ወደ ትሮይ ከመጡት ሁሉ አስቀያሚ አድርጎ ስሎታል፤ እግሩ አንካሳ፣ ትከሻው ጎባጣ፣ ጠጉሩ የሳሳ። ኦዲሴዩስ በበትረ መንግሥቱ ጀርባውን ይመታዋል፤ ያለቅሳል፤ ሠራዊቱም ይስቃል። ሲስቁ ስለ ራሳቸው የተነገረውን እውነት አብረው ሳቁበት። ያ ሳቅ ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላም ደስ አይልም።

እኛ ለመድረክ የምንጽፍ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። አንድን እውነት ለመግደል የሚቀልለው ዘዴ ለተንኮለኛው ገጸ ባሕርይ ማናገር ነው። ተመልካቹ ሰውየውን ስለሚጠላ ቃሉንም ይጠላል፤ በመጨረሻው ትዕይንት ሰውየው ሲወድቅ ጥያቄውም አብሮ ወደቀ ተብሎ ይጨበጨባል። እኔም አድርጌዋለሁ። የጻፍሁት አንድ ገጸ ባሕርይ ልመልስለት ያልቻልሁትን ጥያቄ ቢያነሣብኝ በሁለተኛው ገቢር ሌባ አደረግሁት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም መልስ አልጠየቀኝም።

ራየርደን ይህን ማድረግ ይችል ነበር። ሉክ በአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ይሞታል፤ አሟሟቱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ክሮኖስ በሥጋው ውስጥ ሆኖ ኦሊምፖስን ሊያፈርስ ሲቃረብ ሉክ ለአንድ አፍታ ራሱን ያገኛል። አብራው ያደገችው አናቤት የያዘችው ቢላዋ እርሱ ራሱ ድሮ «ቤተ ሰብ እንሆናለን» ብሎ የሰጣት ነበር። ፐርሲ ያንን ቢላዋ ለከሓዲው ያቀብለዋል። መልሶ ይወጋኝ ይሆን የሚለውን ሳያውቅ በእጁ ላይ ያኖርለታል። ሉክም በገዛ ሥጋው ላይ፣ ሟች በሆነባት አንዲት ስፍራ ላይ፣ አሳርፎ ክሮኖስን ያጠፋል። ሊሞት ሲል የሚለምነው ስለ ራሱ አይደለም፤ ያልታወቀላቸው ልጆች ነገር እንዳይደገም ነው።

ከዚያም አማልክቱ በሸንጎ ተቀምጠው ለፐርሲ ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠውን፣ አለመሞትን፣ ያቀርቡለታል። አይሆንም ይላል። በምትኩ በስቲክስ እንዲምሉ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ አምላክ ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው «የእኔ ነው» ብሎ እንዲያሳውቅ፣ በካምፑ ለበታች አማልክትም ቤት እንዲሠራ፣ በደል ሳይኖርባቸው የታሰሩት እንደ ካሊፕሶ ያሉት እንዲፈቱ። ይህ የማን አቤቱታ ነው? የሉክ ነው፤ ከእርሱም ጋር የወገነው የኔሜሲስ ልጅ የኤታን። ፐርሲ ሉክን በሰይፍ ሲዋጋው ኖሮ፣ ካሸነፈው በኋላ፣ የተሸነፈውን ሰው ክስ አንሥቶ በራሱ ስም ፈረመበት።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚያነሡትም ሞኞች አይደሉም። የከሓዲን ጥያቄ ከክህደቱ በኋላ መመለስ ክህደትን መሸለም አይሆንም? ነገ ሌላው «ቤቱን ሳላቃጥል የሰማኝ አልነበረም» ብሎ ክብሪት አያነሣም? ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ከእሳቱ በኋላ አመድ ያፈሱ ሰዎች ናቸውና ቃላቸው ይከብዳል። በሉክ ምክንያት የሞቱ ልጆች አሉ፤ መርከቢቱን ሲያፈነዳ የጠፋው ቤከንዶርፍ የሄርሜስን ቤት መሬት የበደለው ነገር አልነበረም። እኔም ሙታኑን በአቤቱታው ላስረሳ አልሻም። ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። ክብሪቱን የሚያስነሣው ዘግይቶ የመጣው መልስ ነውን, ወይስ አስቀድሞ የቀረው? ደግሞም መሬት ላይ የሚተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጅ አልከዳም። ሉክ ስለ እርሱ ስለ ተናገረ አልጋ ቢከለከል የሚቀጣው ሉክ አይደለም፤ ሉክማ ሞቷል። የከሓዲን አቤቱታ ከከሓዲው ጋር የሚቀብር ዳኛ ሳያውቀው ከሓዲውን የተበዳዮች ሁሉ ጠበቃ አድርጎ ሾሞታል፤ ከእርሱ በቀር የተናገረላቸው የለም ብሎ መስክሮለታልና።

ደራሲው ይህን ሚዛን በሁሉም ላይ አልጠበቀም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆናል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ፐርሲ ሜዱሳን አንገቷን ይቀላል። ሄስዮድ ሜዱሳና ፖሰይዶን በለምለም መስክ በአበባ መካከል ተኙ ይላል። ሮማዊው ኦቪድ ግን በ«ሜታሞርፎሲስ» አራተኛ መጽሐፍ የባሕሩ አምላክ በአምላኪቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደ ደፈራት፣ አምላኪቱም ደፋሪውን ትታ የተደፈረችውን ጠጉሯን ወደ እባብ እንደ ለወጠች ይተርካል። በራየርደን መጽሐፍ ነገሩ ለልጆች ጆሮ ተለዝቦ የፍቅረኞች ቀጠሮ ሆነ፤ ሜዱሳም አቴና እንዲህ አደረገችኝ ስትል ቃሏ የጭራቅ ማታለያ ሆኖ ይታለፋል። ጭራቅ ሆናለች፤ መንገደኛ ወደ ድንጋይ ትለውጣለች፤ መገደሏም ራስን ከመከላከል ይቆጠር። ክሷን ግን በአምስቱ መጻሕፍት አንሥቶ የፈረመበት አንድም አልተገኘም። ሉክ መልከ መልካም፣ ሰይፈኛ፣ የሰው ወዳጅ ነበረና ተሰማ። ሜዱሳ የተርሲቴስን ዕጣ አገኘች። አስቀያሚ ተበዳይን መስማት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይከብዳል ቢባል፣ የመጽሐፉን ደራሲ ዕድሜ መጠየቅ ይቻላል።

በስቲክስ የተማለውስ? አብዛኛው ተፈጸመ። ሄርሜስ ቤት መሬት ላይ የሚተኙት ተነሡ፤ ለሐዴስ፣ ለኔሜሲስና ለሌሎቹም አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ። ታሪኩን በሚቀጥሉት መጻሕፍት በአንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው «የሐዴስ ቤት» ውስጥ፣ ሊዮ የተባለ ልጅ ከሰማይ ወድቆ ኦግጊያ ደሴት ላይ ይደርሳል። ካሊፕሶ እዚያው አለች። ያስታወሳት አልነበረም። ፐርሲም ቢሆን ካስማላቸው በኋላ ሄዶ አላየም ነበር፤ ይህን የተረዳው ብቸኝነቷ ያፈለቀው እርግማን በታርታሮስ አናቤትን በያዛት ጊዜ ነው።